በበሩ ያልወጣው ጠረጴዛ

ይድረስ ለልጄ አሳዳጊ፣

ሰላምታዬ ከነሙሉ አክብሮቱ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ያ የግራ ትከሻዎ ብርዱን እንዴት ቻለው? መላጊያ ስገፋ ይይዘኛል ብለው ነበርና ከልቤ አልወጣም። ባለቤትዎስ እንዴት ናቸው? ሰላም ይበሉልኝ ለማለት አፌ ቢያዝም፣ እርስዎ በሚያውቁት መንገድ፣ ቅር በማይላቸው ሰዓት ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። የወገቤን ጉዳይ ኋላ እነግርዎታለሁ።

ቤትዎ ከእኔ ቤት በእግር የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፤ መጥቶ መናገር ሲቻል ምን ደብዳቤ አስፈለገ ይሉኝ ይሆናል። እውነትዎን ነው። ሁለት ጊዜ ተነስቼ መጥቼ ነበር። ሁለቴም የመጋዙን ድምፅ ከበር ላይ ሰምቼ ተመለስኩ። ፊትዎን እያየሁ የምለው ነገር አልወጣህ ስላለኝ ነው። ሠላሳ ዓመት መሪ የጨበጠ እጅ እስክሪብቶ ሲይዝ ያምረው አያምረው እንጃ፣ እንደ ምንም ያንብቡልኝ።

ልጅቷን ሦስት ዓመቷ ላይ ነገ እመለሳለሁ ብያት አውቶቡሴን አስነስቼ ሄድኩ። እናቷን አግብተው ያሳደጓት እርስዎ ነዎት። ይህን ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ያ ነገ ያልኳት ቀን ሃያ ዓመት ፈጀ። ጡረታ ወጥቼ ስመለስ እሷ ቁመቷ ከእኔ በላይ ሆኖ፣ ራሷን ችላ የምታድር ልብስ ሰፊ ሆና አገኘኋት። በዓመት ሁለት ጊዜ ትጠይቀኛለች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ በሩን ተደግፋ ትቆማለች፣ አሥር ደቂቃ ሲሞላ ትሄዳለች። እርስዎ ነው የምትለኝ፣ ልክ እንደ አከራይ። አባዬ የሚለው ቃል የእርስዎ ነው። ላብዎን አፍስሰው ያገኙት ስለሆነ አልቀናሁም ብል ውሸቴን ነው። ቀንቻለሁ።

አንድ ቀን እንደዚያ በሩን ተደግፋ ሳለች ጀርባዋን ደጋግማ ስትይዝ አየሁና ምን ሆነሽ አልኳት። ጨርቅ የምትቆርጠው መሬት ላይ ተንበርክካ እንደሆነ ነገረችኝ። አናጢ ቤት ያደገች ልጅ እንዴት የመቁረጫ ጠረጴዛ ታጣለች ብላት፣ አባዬን ሁለቴ ጠይቄዋለሁ፣ ጣውላው ገና አልደረቀም ይለኛል አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

በነጋታው ዓይኔን በጨው አጥቤ እርስዎ ዘንድ መጣሁ። እኔ ልክፈል፣ እርስዎ ይሥሩላት፣ ከእኔ ነው ይበሏት አልኩዎት። መላጊያዎን አስቀመጡ፣ ሰጋቱራውን ከቅንድብዎ ጠረጉ፣ አልሠራም አሉኝ። ከጀርባዎ ጣውላው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። በጣቴ ሳንኳኳው ኳ ኳ የሚል ደረቅ ነው። ይኼ ሰውዬ ናቀኝ ብዬ ደሜ ፈላ። ልወጣ ስል ነው ከኋላዬ ራስዎ ይሥሩት ያሉኝ። ሚስማር ስመታ አውራ ጣቴን የምመታ ሰው ነኝ ብልዎ፣ ሜትር ይግዙ፣ ቁመቱን በክርኗ ይለኩ፣ ከክርኗ አንድ ስንዝር ዝቅ ካለ ጀርባዋን አያማትም ብለው ወደ ሥራዎ ተመለሱ። ከዚያም ወዲህ ብዙ ሲናገሩ አልሰማሁም። ዝም አይነቅዝም የሚባለው እንደ እርስዎ ላለው ሰው ነው።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ገባሁበት። አልጋዬን ወደ ማብሰያው ክፍል ገፍቼ የፊተኛውን ክፍል የሥራ ቦታ አደረግኩት። ጣውላ መሰንጠቂያው ቤት ያለውን ሰውዬ፣ ሁሉን ስለሚያውቅ ሊቁ የሚሉትን፣ በጥያቄ አደረቅኩት። ስቆርጥ መጋዙ ወደ ፈለገበት ይሄዳል እንጂ ወደ መስመሩ አይሄድም። ጎረቤቴ ግድግዳውን እየደበደበ ቤት ልታፈርስ ነው ወይ ይለኛል። ሻዬ ውስጥ ሰጋቱራ፣ ጫማዬ ውስጥ ሰጋቱራ። ግን ልንገርዎ፣ የመጀመሪያውን ጣውላ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ ፈትጌ መዳፌን ስጎትትበት ለስልሶ ሳገኘው ብቻዬን ቆሜ ሳቅሁ። በስተርጅና ለካስ ሰው አዲስ ነገር ይማራል።

ቁመቱን እንዳሉኝ በክርኗ ለካሁት። ቁሚልኝ ማለት አልደፈርኩም። በሩን ተደግፋ ስትቆም ክርኗ የሚደርስበትን ልብ ብዬ፣ ስትወጣ መቃኑ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግኩ። ከዚያ አንድ ስንዝር ዝቅ ስል ዘጠና ሴንቲ ሜትር መጣልኝ። ርዝመቱን ሁለት ሜትር፣ ወርዱን ሜትር ከሃያ አደረግኩት። ከሥሩ ደግሞ የጨርቅ ጥቅል የሚቀመጥበት መደርደሪያ አበጀሁለት። ቫርኒሹን አስቀድሜ እያንዳንዱን እንጨት ለየብቻው ቀባሁት፤ ጋራዥ ውስጥ አውቶቡስ ሲቀባ በሩም ክዳኑም ተነቅሎ ነው የሚቀባው፣ ያየሁት እሱን ነው። ሲደርቅ በየመጋጠሚያው ኮላ ለቀለቅኩበትና በብሎን አጠበቅኩት። ሁለት ወር ፈጀብኝ። ሲያልቅ አራት ጊዜ ዞርኩት።

ከዚያ ጉድ ፈላ። ልጅቷን ጠራኋት፣ ሁለት ተሸካሚዎች አመጣሁ። ጠረጴዛው በየትም ቢገለብጡት ከዘጠና አያንስም። በሩ ደግሞ ሰባ አምስት! ያስቡት እንግዲህ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አውቶቡስ በጠባብ ግቢ እያስገባሁ አንድ ግንብ ያልነካሁ ሰው፣ መቃኑ ላይ ቆሜ የልጅቷን ክርን ስለካ በሩን ራሱን አልለካሁትም። መስኮቱም የብረት ፍርግርግ ነው። ምን ይዋጠኝ! ተሸካሚዎቹ ሳቃቸውን ሲውጡ ሊታፈኑ ደረሱ። ልጅቷ ግን በግልጽ ሳቀች። ቦርሳዋ ከትከሻዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔ ያን ሳቅ ከሦስት ዓመቷ በኋላ ሰምቼው አላውቅም፣ አፍሬም ደስ አለኝ። ስቃ ስታበቃ አባዬ መጥቶ ይየው አለችና ሰው ላከችብዎ።

የቀረውን ያውቁታል፣ ግን እኔ እንዳየሁት ልጻፈው። መጡ። ዙሪያውን አዩት። ሥሩ ገብተው ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ቀኝ እጅዎ ተጨብጦ ነበር፣ ኪስዎ ከተቱት፤ እርሳስዎ ነው ብዬ ነበር። ከዚያ ኮላው ይዞታል፣ ቢነካ እንጨቱ ይሰነጠቃል፣ እዚሁ ይቅር አሉ። ልጅቷም ጎንበስ ብላ ሥሩን አየች፣ ጉልበቷን አራገፈች። እንግዲህ ጨርቄን ይዤ እዚህ መመላለሴ ነው አለችና ተስማማች። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይኸው ነው አልኩ።

ይኸው ሰባት ወር ሆነን። በሳምንት ሦስት ቀን ትመጣለች። ጠዋት መጥታ ጨርቋን ትዘረጋለች፣ በጠመኔ ታሰምራለች፣ መቀሷ ሲሄድ ድምፁ ደስ ይላል። ምሳ አብረን እንበላለን። መጀመሪያ ስለ ጨርቅና ስለ እንጨት ብቻ ነበር የምናወራው። አሁን አሁን ስለ እርስዎም ትነግረኛለች። ስትታመም ሌሊቱን ቁጭ ብለው ያደሩትን፣ ፊደል ስትማር በእንጨት ፍቅፋቂ ላይ ያጻፏትን። እኔ መኖር የነበረብኝን ቀን ሁሉ እርስዎ ኖረውልኛል። ስሰማ ያመኛል፤ ግን አይቅርብኝ እላለሁ።

አሁን ወደ ወገቤ ልምጣ። ስትቆርጥ አረፍ የምትልበት ረጅም በርጩማ ልሥራላት ብዬ ተነሳሁ። ልምድ አለኝ ብዬ ተኩራርቼ ብሎን ተውኩት፣ እንደ ልማዴ ቫርኒሽ ቀባሁ፣ ኮላ አደረግኩ። ልሞክረው ብዬ ስቀመጥበት እግሩ በአራት አቅጣጫ ሄደ፣ እኔ ወለሉ ላይ ቀረሁ። ስብርባሪውን ይዤ ሊቁ ዘንድ ብሄድ ሰውዬው መሰንጠቂያውን አጥፍቶ ሳቀብኝ። ቫርኒሽ የጠጣ እንጨት ኮላ አይጠጣም፣ ኮላ ከቫርኒሽ በፊት ነው፣ ይህን የአናጢ ልጅ በሰባት ዓመቱ ያውቀዋል አለኝ።

ወገቤን ይዤ ቤት ገባሁና ጠረጴዛው ሥር ተኛሁ። ኮላውን በጥፍሬ ብነካው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳልኝ። አንዱ ማዕዘን ላይ ደግሞ የአንድ ጣት ያህል ቀድሞ ተልጦ ተወስዷል። ጠረጴዛውን የያዘው ብሎን ብቻ ነው። በአንድ ካቻቢቴ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። እርስዎ አርባ ዓመት እንጨት ያነበቡ ሰው ነዎት። እዚያው ሥር ተኝቼ አለቀስኩ፣ አልደብቅዎትም።

ከዚያ ደግሞ ጭንቅ መጣ። በዚያው ሳምንት ልጅቷ ሱቅ ተከራየች፤ በሩ ሁለት ተካፋች፣ ሰፊ ነው። ብነግራት ጠረጴዛውን ወስዳ መሄዷ ነው። ሦስቱ ቀኖቼ ሊሄዱ ነው፣ ተመልሼ በዓመት ሁለቴ አሥር ደቂቃ ልሆን ነው። ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? ግን ነገ እመለሳለሁ ብዬ ዋሽቻት የሄድኩ ሰው ነኝ። ሁለተኛ ልዋሻት አልቻልኩም። ሦስት ቀን ምግብ አልበላልህ አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ጨርቋን ዘርግታ ስታሰምር ካቻቢቴውን አምጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩት። ጠረጴዛው ይፈታል፣ ኮላው ከመጀመሪያውም አልያዘም፣ ዛሬውኑ ፈትቼ ሱቅሽ ልገጥምልሽ እችላለሁ አልኳት።

ቀና እንኳ አላለችም። ጠመኔዋን እስከ መስመሩ ጫፍ ካደረሰች በኋላ፣ የአናጢ ሰጋቱራ እየጠረግሁ አይደል ወይ ያደግሁት፣ የመጀመሪያው ቀን ጎንበስ ስል አይቼዋለሁ አለችኝ። ሱቁ ለመስፋት ነው፣ ቆረጣ ግን ጸጥታ ይፈልጋል አለች። ደግሞ ካቻቢቴው ዘይት አለው፣ ጨርቄን ያቆሽሽብኛል፣ እባክዎ ያንሱልኝ አለችኝ።

አነሳሁት። ሌላ ምን አደርጋለሁ።

ሁለታችሁ ተማክራችሁ ይሁን፣ በየግላችሁ አይታችሁ ዝም ብላችሁ ይሁን አላውቅም። አልጠይቅም፣ እርስዎም አይንገሩኝ። ሰው ሁሉ ልጅቷ ቁመቷ፣ ግንባሯ አንተን ቁርጥ ይለኛል፤ እኔም ደስ ብሎኝ እሰማ ነበር። ያን ቀን ግን አጠገቧ ቆሜ ሳያት፣ ስትዋሽ እንኳ የምትመስለው እርስዎን ነው።

አሁንም እርስዎ ትለኛለች፤ ይሁን። ለጠመኔና ለመርፌ የሚሆን መሳቢያ ይሥሩልኝ ብላኛለች፣ አይቸኩሉ ብላኛለች። ወርዱን ሦስቴ ለክቻለሁ። ኮላው ከቫርኒሹ በፊት ይሆናል።

አመሰግናለሁ። አልሠራም ስላሉኝ አመሰግናለሁ፣ ይዞታል ስላሉኝም አመሰግናለሁ። የላጉት ይለስልስልዎ፣ የቆረጡት ልክ ይምጣልዎ፣ እጅዎን ሕመም አይንካው። ዕድሜዎን ያርዝመውና የልጅ ልጅ ያሳቅፍዎ፤ እኔም ከኋላ ቆሜ ልይ።

ውለታዎ ያለበት፣
የልጅዎ ወላጅ