ጣቶቼ መንተባተብ ሲጀምሩ

ሰኞ፣ ሐምሌ 6፣ ጠዋት

የሸሚዜን ቁልፍ ዛሬም በግራ እጄ ቆለፍኩ። የቀኜ ትንሿ ጣትና ጎረቤቷ እንደደነዘዙ ናቸው። ሙቅ ውኃ ውስጥ ነከርኳቸው፤ ለውጥ የለም። ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚያወርደው ደረጃ ላይ አንሸራትቶኝ በክርኔ ከወደቅኩ ወዲህ ነው። እብጠቱ ሲቀንስ ዳንኩ ብዬ ነበር።

ቁርስ ላይ ሳሙኤል እጄን ሲያይ ቆየ። ባሌ መስማት የተሳነው ነው፤ በቤታችን ወሬውም ጭቅጭቁም በእጅ ነው። እጅሽ መንተባተብ ጀምሯል አለኝ። ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 9፣ ከሰዓት

ከሐኪም መመለሴ ነው። ዶ/ሩ ወጣት፣ ትዕግሥተኛ። ክርኔን ከውስጥ በኩል ነካ ሲያደርገኝ እስከ ትንሿ ጣቴ እንደ ኤሌክትሪክ ነዘረኝ። እዚያ ከአጥንቱ ኋላ በጠባብ መተላለፊያ የሚያልፍ ነርቭ አለ፤ ከላዩ ቆዳ ብቻ ነው፣ የሚከልለው ሥጋ የለም። ስወድቅ ተጎድቷል፤ አሁን ደግሞ ጠባሳው እየተጫነው ነው። ጣት የሚከፍቱና የሚገጥሙ የመዳፍ ጡንቻዎችን የሚያዘው እሱ ነው።

በአውራ ጣቴና በጠቋሚዬ መካከል ወረቀት አስይዞ ሳበው። አውራ ጣቴ ታጠፈ፣ ወረቀቱ አመለጠኝ። በመካከላቸው ያለው ሥጋ ሰርጉዷል። አላየሁትም ነበር። ቀዶ ሕክምናው ጫናውን ያነሳል፤ የከሳው ጡንቻ ግን ላይመለስ ይችላል አለ። ሥራዬን ጠየቀኝ። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ነኝ ስለው ብዕሩን አስቀመጠ።

ምኒልክ አደባባይን በዝናብ አቋረጥኩ። ለሳሙኤል «ነርቭ ነው» ብቻ አልኩት።

እሑድ፣ ሐምሌ 12

ማስታወሻዬ፣ ዛሬን ባልጽፈው ደስ ባለኝ።

ቤተ ክርስቲያን፣ መድረክ ላይ ነኝ። የሞት ማስታወቂያ ተነበበ፤ ታደሰ የሚባል የቀድሞ መዘምር። ስሙን በጣት ፊደል ጻፍኩ። የመጨረሻዋ ፊደል ላይ ጣቶቼ እንቢ አሉ። መስማት ከተሳናቸው ምእመናን አንዷ፣ ወ/ሮ ወርቅነሽ፣ «ታደለ» ብለው አነበቡ። ታደለ ሆስፒታል የተኛ ወንድማቸው ነው።

ከመቀመጫቸው ተነሥተው ጮኹ። ድምፃቸውን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ጉባኤው ሁሉ ዞረ። ሮጬ ወረድኩ፤ በግራ እጄ፦ አይደለም፣ ታደለ ደህና ነው፣ አይደለም። ሲገባቸው ቁጭ ብለው አለቀሱ። ይቅርታ ስጠይቅ ቀኝ እጄን ያዙ። «ልጄ፣ ታመሻል እንዴ?» አሉኝ በሌላው እጃቸው።

ሰኞ፣ ሐምሌ 13

ለሳሙኤል ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ጡንቻው፣ ላይመለስ እንደሚችል። ለምን ደበቅሽኝ አለ። እጄ ቢቀር ከአንተ ጋር በምን አወራለሁ ብዬ ፈርቼ ነው አልኩት። ግማሹ አልገባውም፤ አስደገመኝ። ስደግመውም አልገባውም። ጃኬቱን ሳይለብስ ወደ አፍንጮ በር ወጣ። ሲመሽ በስብሶ ገባ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 17

ቤ/ክ ደወልኩ፦ ሌላ አስተርጓሚ ይፈልጉ፣ ከእንግዲህ አልቆምም። አላባበሉኝም። አልፈረድኩባቸውም።

ለቀዶ ሕክምናውም ፈረምኩ። ማክሰኞ ጠዋት እገባለሁ። ሳሙኤል ውጭ ሆኖ ይጠብቃል። ዶ/ሩ ሲወጣ የሚያናግረው እሱን ነው፤ እኔ ተኝቼ ማን ያስተረጉምለታል? በግራዬ፣ ቀስ ብዬ ጠየቅኩት። ዛሬ ተግባብተናል።

«ፊቱን አነባለሁ» አለኝ።