ከግንቡ ውጭ የሰማሁት

ጥቅምት 4

ፀጉር ቤቱ ዛሬ ጭር ብሎ ዋለ። ጠዋት ሁለት ተማሪዎች፣ ከሰዓት አንድ ሙሽራ። ሠርጉ ገና ነው፤ "ለልምምድ ነው የመጣሁት" አለን። የፀጉር ልምምድ! ይሁን።

ነገሩን ያመጣው ሬዲዮኑ ነው። "በሕይወታችሁ የማትረሱት ኮንሰርት የቱ ነው? ደውሉልን" አለ ጋዜጠኛው። አለቀ! መቀሱም ቶንዶሱም ቆመ።

ጋሼ ሹፌር ቀደሙ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚቆረጥ ፀጉር ኖራቸውም አልኖራቸውም የሚውሉት እኛ ጋ ነው። ድሮ የሙዚቀኞች አውቶቡስ ይነዱ ነበር። "የኔ ምርጥ ኮንሰርት መንገድ ዳር ነው" አሉ። "ጎማ ፈነዳብን። ልጆቹ ሲሰለቻቸው መሣሪያቸውን አወረዱ። እኔ ክሪክ አዞራለሁ፣ እነሱ ሳክስፎን ይነፋሉ። ጎማውን ቀይሬ ስጨርስ፣ ቀስ ብዬ አንድ ብሎን መልሼ ፈታሁ... እንዳያቆሙ።"

ምላጩ ቀጠለ። አብሮኝ የሚሠራው ነው፤ ምላሱ ከያዘው ምላጭ ስለሚብስ ነው እንዲህ ያልነው። እሱ አንድ እግር ጫማው ጭፈራው መሃል ጠፍቶበት፣ በካልሲ ሲዘል አምሽቶ፣ በካልሲ ቤቱ ገባ። "አሁንም ያ ዘፈን ሲከፈት ግራ እግሬን ይበርደኛል" ይላል።

እኔም የኔን ጀመርኩ። ያንን መብራት የጠፋበትን።

"ያንተ አይቆጠርም!" አለ ምላጩ። "መች ገባህና? ውጭ ቆመህ አልነበር እንዴ?"

ክርክር በክርክር ሆነ። ከግንብ ውጭ የሰማ ሰው ኮንሰርት ገብቷል ይባላል? ሙሽራው ጨርቁን አንገቱ ላይ እንዳደረገ "አይባልም" አለ። ጋሼ ሹፌር ግን "ጆሮው ገብቷል፤ ይበቃል" ብለው ፈረዱልኝ። ምላጩ ይግባኝ እላለሁ ብሎ ወጣ።

ጥቅምት 5

ራት ላይ ለባለቤቴ ነገርኳት። ሳቀች፣ ሳቀች... ከዚያ ትን አላት። ሰሞኑን ምግብ ስትውጥ ያስቸግራታል።

ቲቸር ነው የምላት። መዋዕለ ሕፃናት ነው የምታስተምረው፤ ልጆቹ እንደሚጠሯት እጠራታለሁ። ፊደሉም ቁጥሩም እጅ መታጠቡም በዘፈን ነው የሚያልፈው። እቤት ስትመጣም ቶሎ አትለቀውም። ሽንኩርት ስትከትፍ ስለ ቀለማት ትዘፍናለች።

ያ ኮንሰርት ጊዜ ገና አልተጋባንም። እሷ ከመምህራን ማሠልጠኛ፣ እኔ መቀስ ለማጅ። ትኬት አንድ ብቻ ተረፈ። "ግቢ" አልኳት። "አንተስ?" "እዚሁ ነኝ።" ግንቡን ተደግፌ ቆምኩ። አጠገቤ ጄኔሬተር ያጓራል፤ ግማሹን ኮንሰርት እሱን ነው የሰማሁት። ድንገት ተንተፋተፈና ጸጥ አለ። ማይክራፎኑም ሞተ። አዳራሹ ውስጥ ጩኸት... ቀጥሎ ዝምታ። ቀጥሎ ሕዝቡ ራሱ ዘፈኑን አነሳው። ያ ሁሉ ሰው በአንድ አፍ! መሃሉ ላይ የሷን ድምፅ ሰማሁ። ለየሁት። ሌላ ምን ይባላል? ለየሁት።

"ሂድ ወዲያ!" አለች ዛሬም። "ያ ሁሉ ሰው ሲጮህ የኔን ለየህ?"

"ለየሁ።"

"ውሸታም።"

ሠላሳ ዓመት ሊሆነን ነው፣ ይቺን ቃል አልቀየረችም።

ጥቅምት 11

ሐኪም ቤት ሄድን። በግድ ነው የወሰድኳት። አንገቷ ላይ ያለውን እብጠት በሻርፕ ስትሸፍነው ከርማለች፤ ልጆቹ "ቲቸር፣ ኳስ ውጠሽ ነው?" ቢሏት ጊዜ ነው እሺ ያለችው።

እንቅርት ነው። ወደ ውስጥ አድጎ የአየር ቧንቧዋን እየተጫነ ነው። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ አትቸኩልም። "ቢቆይ ትንፋሽ ይከለክላታል። መውጣት አለበት" አለችን።

ቲቸር አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። "ድምፄስ?"

ሐኪሟ ወረቀት ላይ ሥዕል ሠራችልን። ድምፅን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ከእብጠቱ ጀርባ ነው የሚያልፈው። "አብዛኛው ሰው ምንም አይሆንም። አንዳንዱ ግን ድምፁ ይጎረንናል። ለጊዜው ሊሆን ይችላል... ለሁልጊዜም ሊሆን ይችላል። ከወዲሁ ቃል ልገባልሽ አልችልም።"

አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ ተቀመጥኩ።  እሷ በመስኮት እያየች "ቀለማቱን ማን ያስጀምርልኛል?" አለች። አንጀቴን በላችው።

ጥቅምት 12

ሁለታችንም የተኛን መስለን አደርን።

ጥቅምት 16

ጉድ ሠራሁ ዛሬ። ያ ሙሽራ ለሁለተኛ ልምምድ መጣ። ከጆሮዬ ፊት ያለውን ባዜታ ብቻ አስተካክልልኝ አለኝ። የቀኙን ነካ አደረግኩ። የግራው ረዘመ። የግራውን ነካሁ፤ አሁን የቀኙ ረዘመ። ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነው... ነርቩ፣ ሥዕሉ፣ የሐኪሟ እጅ። ሳስተካክል ሳስተካክል ቀና ብዬ መስታወት ባይ፣ ልጁ ባዜታ የለውም! ከጆሮው ፊት ራቁቱን ቀርቷል።

"ወንድሜ..." አለኝ፣ ፊቱን እየዳበሰ። "እዚህ ጋ የነበረው የት ሄደ?"

ምላጩ ፎጣ አፉ ውስጥ ከትቶ ነው የሳቀው። እኔ ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። ልጁ ደነገጠ። "ኧረ ጋሼ፣ ይበቅላል! እስከ ሠርጌ ይበቅላል! ምን ያስለቅሳል!" ብሎ አቅፎ አጽናናኝ። የላጨሁት እኔ፣ የሚያባብለኝ እሱ። ምላጩ መሳቁን አቆመ፤ በሩን ዘግቶ "ምን ሆነሃል?" አለኝ። ነገርኩት።  እስኪመሽ ደንበኞቼን ሁሉ እሱ ቆረጠልኝ።

ጥቅምት 23

ልጃችን መጣች። ስልኳን አውጥታ "እማዬ፣ እስቲ አንድ ዘፈን፤ ልቅዳሽ" አለቻት።

"የሞትኩ ይመስል? አንሺው ይሄን!"

"ለልጅ ልጆችሽ..."

"መጀመሪያ ውለጃቸው!"

ተሳሳቅን። ኋላ ግን ቲቸር ሰሃን እያጠበች፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ቀለማቱን ከቀይ እስከ ነጭ ዘፈነችው። ቀስ ብላ። ልጄ ስልኳን አላነሳችም። እኔም ከወንበሬ አልተነሳሁም። እንዲያ እንደተቀመጥን ውሃው ቆመ፣ ዘፈኑም አለቀ።

ጥቅምት 25

እንቅርቱ በቀዶ ጥገና ወጥቷል። ደህና ናት። ተመስገን!

ጥቅምት 28

ድምፅ የለም። አፏን ትከፍታለች፣ የሚወጣው ትንፋሽ ነው። ሐኪሟ "ነርቩ አልተቆረጠም፣ ግን ደንግጧል" አለች። ነርቭም ይደነግጣል? "ታገሱ፤ ማንሾካሾክም አይፈቀድም።"

ቲቸር እጄን ይዛ ጣሪያ ጣሪያ ታያለች። ምን እያሰበች እንደሆነ አልጠየቅኩም። አውቀዋለሁ።

ኅዳር 4

እቤት ነን። በጭብጨባ ነው የምንግባባው። አንድ ጊዜ ካጨበጨበች የምትጠራው እኔን ነው። ሁለቴ ከሆነ ልጃችንን። ሦስቴ ከሆነ ሁለታችንም አጥፍተናል ማለት ነው። ዛሬ ሾርባው ጨው በዝቶበት ሦስቴ አጨበጨበች።

ቤቱ እንዴት ሰፊ ነው... ለካ እሷ ነበረች የምትሞላው። እኔም እንደሷ ዝም ማለት ለምጃለሁ። ፀጉር ቤት "ታመሃል እንዴ?" ይሉኛል። ሬዲዮኑ ላይ ሰዎች ዛሬም ስለ ኮንሰርታቸው ይደውላሉ። አንዷ ሴት እርጉዝ ሆና እንደገባችና ልጇ ሆዷ ውስጥ ከበሮውን እየተከተለ እንደረገጣት ስታወራ፣ ጋሼ ሹፌር እኔን አይተው ሬዲዮኑን ቀነሱት። ደግ ሰው ናቸው።

ኅዳር 15

ተናገረች! ጠዋት ካልሲዬን ስፈልግ ከኋላዬ "አልጋው ሥር" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዘወር አልኩ... ማን እንደተናገረ ለማየት። ወፍራም፣ የሻከረ፣ ከሆድ የሚመጣ ድምፅ። እሷ ነበረች።

ዘወር ማለቴን አየች። ያን ነገር ምነው ባላደረግኩት! ወዲያው ሄጄ አቀፍኳት፣ "እሰይ! እሰይ!" አልኩ፣ ግን አይታለች።

ኅዳር 19

ሙሽራው ነገ ነው ሠርጉ። ባዜታው በቅሏል። "ዛሬ በምላጩ ልቆረጥ" አለ እየሳቀ፤ ይገባዋል።

ቲቸርም ዛሬ ሥራ ገባች። ርዕሰ መምህርቷ በትሕትና "ድምፅሽ እስኪስተካከል ዕቃ ክፍል ብታግዢን" አለቻት። እርሳስ፣ ደብተር፣ ሸክላ ጭቃ ልታድል። ልጆቹ በመስኮት እያዩ "ቲቸር፣ ለምን እዚያ ገባሽ?" ይሏታል። ይህን ስትነግረኝ ሻርፑን መልሳ አንገቷ ላይ ጠመጠመችው። ጠባሳው እኮ ድኗል።

ኅዳር 27

እንደ ጠብ ያለ ነገር አደረግን። "ትንሽ ዝፈኚ እስቲ፣ ሐኪሟም ድምፅሽ ልምምድ ያስፈልገዋል ብላለች" አልኳት።

"በየትኛው ድምፅ?"

"በራስሽ ነዋ።"

"ይሄ የኔ አይደለም!" አለች። "ራሴን ስሰማው እንግዳ ሴት ቤቴ የገባች ይመስለኛል። አንተም ዘወር ብለሃል፤ አይቼሃለሁ። እስቲ ያኔ እንደምትለው ግንብ ኋላ ቁምና ስማው... ብትሞት አትለየውም።"

 ድስቱን ማጠብ ጀመርኩ፤ የታጠበ ድስት ነበር።

እውነቷን ቢሆንስ? ይኸው ነው ቀኑን ሙሉ የሚበላኝ። ብሰማውና ባልለየውስ? ሠላሳ ዓመት የፎከርኩበት ጆሮዬ...

ታኅሣሥ 3

ዛሬም ዕቃ ክፍል። ስለ ሸክላ ጭቃ አወራን።

ታኅሣሥ 9

ከየት ልጀምር?  

ከሰዓት መብራት ጠፋ። ቶንዶሱ አንድ ሰውዬ ማጅራት ላይ ቀጥ አለ። ምላጩ በመቀስ ልጨርስለት ብሎ ተረከበኝና "አንተ ሂድ፣ ዛሬ ሚስትህን ተቀበላት" አለኝ። ሄድኩ።

የትምህርት ቤቱ ግቢ በር ዝግ ነው። ዘበኛው ብቅ ብሎ "ይግቡ እንጂ ጋሼ" አለኝ። ልገባ ስል ልጆቹ ውስጥ መዝፈን ጀመሩ። ቀለማቱን! አዲሷ መምህርት ናት የምታስጀምራቸው፤ ቀጭን ድምፅ አላት። "ቆይ፣ እዚሁ ይሻለኛል" አልኩት። ግንቡን ተደገፍኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ቀይ አሉ። ብርቱካንማ አሉ። ከዚያ ቢጫን ዘለሉት! ግማሾቹ አረንጓዴ፣ ግማሾቹ ሰማያዊ፣ መምህርቷ ግራ ገባት፣ ዘፈኑ ብትንትኑ ወጣ። ይህን ሰምታ ቲቸር ትችላለች? ሞቼ ነው ቆሜ ትላለች አልኩ በልቤ።

"ቢጫ!"

ወፍራም። ሻካራ። በዚያ ሁሉ የልጅ ጩኸት መሃል።  ድምፁ ሌላ ነው፣ እሱ እውነት ነው። ግን ቃሉን ስትይዝ መጨረሻው ላይ ትንሽ የምታነሳው ነገር... ሽንኩርት እየከተፈች የምታነሳው... ያኔም አዳራሹ ውስጥ ያነሳችው... እሷው ናት! እሷ! ዘበኛው "ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?" ሲለኝ ነው እያለቀስኩ መሆኔን ያወቅኩት።

ሥራዋን ጨርሳ ወጣች። ሻርፑ እጇ ላይ ነው።

"መቼ መጣህ?"

"ቢጫ ላይ ስትገቢ እዚህ ነበርኩ።"

ቆመች። "ምን?"

"ቢጫ ላይ ገባሽ። አረንጓዴን ጥሩ አድርገሽ ወሰድሽው። ሰማያዊ ላይ ትንፋሽ አጠረሽና ተውሽው፣ ልጆቹ ብቻቸውን አሉት። ነጭ ላይ ተመለስሽ።"

"ገብተህ አየኸኝ።"

ዘበኛው ከበሩ ራሱን አውጥቶ "ኧረ እትዬ፣ ግቡ ብዬ ለምኛቸው እምቢ ብለው እዚሁ ነው የቆሙት" አላት።

ግንቡን አየችው። እኔን አየችኝ።  ከዚያ በዚያ በሻከረው ድምፅ፣ እንደ ልጅ "ያኔም... አዳራሹ ውስጥ... እውነትህን ነበር?" አለች።

"ስነግርሽ ኖርኩ እኮ!"

"እኔ እኮ ቀልድ መስሎኝ..." አለችና ቦርሳዋን አንስታ ትከሻዬን መታችኝ። "አጥብቀህ አትነግረኝም ነበር!" ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ሳቀች። ሳቋም ጎርንኗል። ደስ ይላል።

ከሰኞ ጀምሮ ክፍሏ ትመለሳለች። ርዕሰ መምህርቷን ራሷ ሄዳ ነው የነገረቻት። ሽንኩርት እየከተፈች ነው አሁን፤ ቢጫ ላይ ደርሳለች። ነገ ለምላጩ ንገርልኝ ብላኛለች፦ ይግባኙ ውድቅ ነው።