ላይኛው መንገድ ላይ የቆመው መኪና

ለማከብርህና ለምሳሳልህ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ ወንድምዓለም? ባለፈው የጻፍክልኝ የወገብ ሕመም ተወህ ወይ? ባለቤትህስ ደኅና ናት? ማሙሽ ጥርስ አበቀለ? እኔ ሐሳብ ከያዘኝ በቀር ደኅና ነኝ።

አሁን የሸሚዝ ቁልፍ መትከል ትቼ ኮሌታ እሰፋለሁ። ዝምታዬ ግን ያው ነው፤ አብረውኝ የሚሰፉት ልጆች «መርፌ እንኳ ከአንቺ የበለጠ ድምፅ አላት» እያሉ ይስቁብኛል።

ከስፌት ቤታችን ፊት ለፊት መንገድ በመንገድ ላይ የሚያልፍበት ትልቅ ድልድይ አለ። ኦቨርፓስ ይሉታል። የአከራዬን ልጅ ትርጉሙን ብጠይቃት «እንግሊዝኛ ነው፤ በላይ ማለፊያ ማለት ነው» አለችኝ። ሰዉ ግን እንደየጉዳዩ ነው የሚጠራው። ለሾፌሮች ላይኛው አስፋልት ነው፤ ለጫማ ሰፊዎቹ ከሥሩ ያለው ጥላ፤ ለእኛ ለእግረኞች በጎኑ የሚወጣው የብረት ደረጃ። ቀጠሮ ሲሆን ግን ሁሉም ከሥር፣ ምሰሶው ጋ ይጠብቃል። ላይ ማንም አይቆምም፤ ለመኪናም ክልክል ነው።

ይህን ያለ ነገር አላነሣሁትም። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰውዬ ስፌት ቤቱ በር ላይ ጠብቆኝ፣ አንተ እንደላክኸው ነገረኝ። ስምህን ያውቃል፤ የወገብህን ሕመም ሳይቀር ያውቃል። «ወንድምሽ የተሻለ ሥራ አግኝቶልሻል። ቅዳሜ ኦቨርፓሱ ላይ ብቻሽን ጠብቂኝ፣ በመኪና እወስድሻለሁ። መታወቂያሽን ያዢ፤ ለማንም አትንገሪ» አለኝ። አንገቴን ደፍቼ እሺ አልኩ፤ ልቤ ግን እሺ አላለም። መኪና በማይቆምበት ለምን? ያንተ መልእክትስ ከመቼ ወዲህ ነው ከሰው የሚደበቀው?

ለአለቃችን ለእትዬ ነገርኳቸው። «ከአንቺ አፍ ይህን ያህል ቃል ከወጣማ ነገር አለ» ብለው ቅዳሜ መቀሳቸውን እንደያዙ ተከተሉኝ። ከምሰሶው ኋላ ሆነን ስናይ መኪናው እውነትም ላይ ቆመ። የኋላዎቹ ጡሩምባቸውን ያንባርቃሉ፤ ሰውዬው ከመኪናው ወርዶ በብረቱ አጥር ላይ አንገቱን አስግጎ ይፈልገኛል። ሁለት የማላውቃቸው ወንዶችም ተከትለውት ወረዱ። እትዬ እጄን ጨብጠው «እንዳትንቀሳቀሺ» አሉኝ። ሲያጡኝ ተመልሰው ተሳፍረው ሄዱ።

ወንድምዓለም፣ አንተ ልከኸው ከሆነ አሳፍሬሃለሁና ይቅር በለኝ። ካልሆነ ግን ሕመምህን ማን ነገረው? እኔ ለማንም አልተነፈስኩም፤ ወሬው የወጣው ከእናንተ ቤት ነው። ስትመልስልኝ በልጅነቴ ሳለቅስ የምትጠራኝን ስም ጻፍበት። እኔ እዚህ አልጽፈውም። ስሙ ከሌለበት ያንተ ደብዳቤ ነው ብዬ አላምንም።

ባለቤትህን ሳምልኝ። የማሙሽን ጉንጭ፣ የአማትህን ጉልበት ሳምልኝ። አብሯችሁ ለሚኖረው ጓደኛህ የሚሆን ሰላምታ ግን መልስህ እስኪደርሰኝ እኔው ጋ ይቆይ።

እኅትህ
ከስፌት ቤቱ ጓሮ፣ ጥር 14 ቀን