የማሾ ማበጠሪያዋ መርዶ

ደሴ፣ ሆጤ
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኢስሐቅ ሙሄዲን
ዱባይ

አሰላሙ ዓለይኩም። ቆመህ ከሆነ ተቀመጥ፤ መርዶ ነው የያዝኩት። ሰባት ዓመት ቤታችንን ያገለገለችውን የማሾ ማበጠሪያ ማሽንህን ትናንት ረፋድ ላይ ከኮምቦልቻ መጋዘናችን በክሬን አንስተው ወሰዷት። ቀባሪዎቿ የፍርድ አስፈጻሚው፣ ጠበቃህና ሁለት ፖሊሶች ነበሩ። አልቃሽ ስላጣች እኔ እሪ ብልላት አስፈጻሚው ደነገጠ።

"ምን ሆንሽ አንቺ?"

"እህቴ ነበረች። ወንድማችን ከእኔ አብልጦ ለእሷ ነው የሚጨነቀው" አልኩት።

አሁን ደግሞ ትምህርቷን ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጠችው እህትህ ሕግ ታስተምርህ። ማሽኗን ለአባባ ስትሰጣቸው ውላችሁ ማሾው ላንተ ብቻ ይላክ ይላል። መንገድ በተዘጋ ዓመት አባባ ከሚነቅዝ ብለው ለቢስቲማ ነጋዴ ሸጡት። የዱባይ የግልግል ዳኞች ማሽኗ ትመለስ ብለው ፈረዱልህ። ያ ወረቀት ግን ኮምቦልቻ ላይ ብቻውን ክሬን አያስነሳም፤ አዲስ አበባ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ በአማርኛ ተተርጉሞ፣ "ይፈጸም" መባል አለበት። አየህ፣ ተምሬያለሁ።

ጠበቃችን አግማስ እቤታችን ድረስ መጥቶ፣ "ሐጂ፣ የዱባዩ ጥሪ በጊዜው አልደረሰኝም ይበሉ። ይህን ካስረዳን ውሳኔው እዚህ አይፈጸምም" አላቸው።

"ደርሶኛል እኮ! ይቺ ቀበጥ ናት ያነበበችልኝ። ወላሂ፣ ዋሽቼ ልጄን አልረታም!"

ቀበጧ ግን ሌላም አንብባላቸው ነበር። የአዲስ አበባው መጥሪያ ሲመጣ፣ ለሳቅ ብዬ መጨረሻው ላይ "አመልካች ኢስሐቅ በአካል ይቀርባሉ" የሚል ከራሴ ጨመርኩበት። ይስቃሉ ስል ተነስተው ውዱእ አደረጉ። በማግስቱ የእርቅ ሙክት ገዝተው ግቢ አሰሩ። አስታራቂውን አባጋር ቀለሙንም ከኩታበር አስመጡ። እኛ አገር የተጣላ ሰው ፊት ለፊት ሳይቀመጥ ነገር ያልቃል እንዴ? እውነቱን ልናገር ሦስቴ አፌን ከፈትኩ፤ ሦስቴም ሙክቱን በእጃቸው ሲያበሉ አየኋቸውና ዘጋሁት።

አባጋር ቀለሙን ይዘን አዲስ አበባ ችሎት ገባን። ዳኛዋ፣ "ማን ልክ ነበር የሚለውን እኛ እንደገና አናይም። ውሳኔው እንዳይፈጸም የሚያደርግ መቃወሚያ አለዎት?" አሏቸው።

አባባ በሩን በሩን እያዩ፣ "ልጄ እስኪደርስ ትንሽ ይታገሱኝ" አሉ።

"አመልካች በጠበቃቸው ቀርበዋል፣ አባቴ።"

አባጋር ቀለሙ አቀርቅረው ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። አባባ ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"እንግዲያ የለኝም። ይውሰድ" አሉ።

ረትተሃል ኢስሐቅ፤ ማኅተሙም ሙሉ ነው። እንኳን ደስ ያለህ ብዬ ላሾፍብህ ብዕር ባነሳ ቀልዱ አልመጣልኝ አለ።

አባባ ደህና ናቸው። ሰው ሲጠይቃቸው "ልጄ ሥራ በዝቶበት ነው" ይላሉ። ሙክቱን እንሽጠው ብንላቸው እምቢ ብለዋል። የማሾ ገለባ እያበሉት፣ አሁንስ በበሩ ማለፍም ሊያቅተው ነው።

አላህ ሪዝቅህን ያስፋልህ፤ የአባትህን ደጅ አያስረሳህ። መርዶ ብዬ ስላስደነገጥኩህ አውፍ በለኝ። ነገሩ ትንሽ ነው፤ አንድ የማሾ ማበጠሪያ ነው የሄደው።

ቀበጧ እህትህ
ኡመይማ