ከብቶቹ የለመዱት ቃል

ሐይቅ፣ ጥቅምት 1976

ወንድሜ አምሳሉ፣

ትናንት አመሻሽ ላይ የሙዘይን እናት እትዬ ኑርሀያት ከብቶቻቸውን ከሐይቁ ዳር ሲጠሩ ሰማሁ፤ «ሶልሃ፣ ሶልሃ» እያሉ። ተማሪ ሳለን ሙዘይን በፈጠረው ቋንቋ «ሶልቃ» ማለት «ወደ ቤት ና» ማለት አልነበር? «ቃ» ከብዙ ትውልድ በኋላ ላልቶ «ሃ» ይሆናል ብሎ ሲከራከረን ስቀንበታል። አዲስ አበባ የምንኖረው እኔና አንተ፣ እሱ ጦር ግንባር ከቀረ ወዲህ አንድም ቃሉን አላነሳንም። እዚህ ግን ቋንቋው በእናቱ አፍ አርጅቷል። «እሱ ያስለመዳቸው ነው፤ በሌላ አይመጡልኝም» አሉኝ። ሰላም ብለውሃል። ባለቤትህን ስህንንና ልጆቹን ሳምልኝ። ፖስት ካርዱ ሞላ። ከብቶቹ ሁሉ በረት ከገቡ በኋላ፣ እትዬ ኑርሀያት ወደ መኪናው መንገድ ዞረው አንዴ ደግመው «ሶልሃ» አሉ።

ሙሉጌታ