መርዶ ነጋሪዎቹ ክሪኬት ሜዳ የዋሉባት ቅዳሜ

ታዴ የኔ ጌታ፣

ከተለያየን ሁለተኛው ሰመር መጣ። እስከ ዛሬ ስጠራህ የኖርኩት በሆዴ ነው፤ በወረቀት ስጠራህ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በሆዴ ይዤው መኖር ያቃተኝ ነገር ስለመጣብኝ ነው። ሰሞኑን እህል አይወርድልኝም። አልታመምኩም፤ ተጸይፌ ነው።

አስቀድሜ ግን የቤቱን ልንገርህ። የሳሎኑን መስኮት ቤቱን ያከራየን ካውንስል በመጨረሻ ሪፔር አደረገው። አንተ ስንት ጊዜ አፕላይ አድርገህ የቀረው መስኮት፣ ከሄድክ በኋላ ማንም ሳይጠራቸው መጥተው ሠርተውት ሄዱ። አሁን ነፋስ አይገባም፤ መጋረጃውም አይንቀሳቀስም፤ ቤቱ ትንፋሹን የያዘ ይመስላል። እኔ እዚያው ሂትሮው ነኝ፣ አውሮፕላን አጸዳለሁ። ተሳፋሪው መቀመጫ ላይ ጥሎት የሚሄደውን ጋዜጣ አሁንም እሰበስባለሁ፤ አሁንም የማነበው ከመጨረሻው ገጽ ጀምሬ ነው። «ያገርሽን ፊደል ከስኳር መጠቅለያ፣ የእንግሊዙን ከክሪኬት ወሬ የለቀምሽ ሴት» እያልክ ትስቅብኝ አልነበር?

ነገሩ የዚያ የክሪኬት ኳስ ወርዋሪ ነው። የረጅሙ። ፎቶውን ግድግዳችን ላይ የሰቀልከው።

መርዶ ለሕያው እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ። ሽማግሌ ይሰበሰባል፤ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል። ለሞተ ሰው ግን ማን ያረዳል? እኔው ብቻዬን ልነግርህ ነው። ከመንገሬ በፊት ያቺን ቅዳሜ አንዴ ልመልሳት፤ አንተ ያላየኸውን እኔ አይቻለሁና።

ታናሽ ወንድምህን ሙሌን ደርግ አዲስ አበባ ላይ ከገደለው ሰንብቶ ነበር። ወሬው በሰው በሰው ዞሮ የደረሰው ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ለጋሽ በየነ ነው። ለእኔ ዋዜማውን ሹክ አሉኝ። እንባዬን ውጬ እራት አቀረብኩልህ። በማግስቱ በማለዳ ሦስት ሽማግሌ አስከትለው፣ በዚያ ሙቀት አራቱም ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው ደረጃችንን ሲወጡ፣ አንተ ደግሞ የሜዳው በር ሳይጨናነቅ ልድረስ ብለህ ስትወርድ ተገጣጠማችሁ።

ከላያችን ያለችው ጃማይካዊት ጎረቤታችን፣ ሚስ ፐርል፣ ክሪኬት ካስለመደችህ ጀምሮ ስንቱን ሐበሻ አብረን እንሂድ ብለህ ለምነሃል! እሺ ያለህ አልነበረም። እነሱን ስታይ ፊትህ እንደ ልጅ በራ።

«ጋሽ በየነ! በመጨረሻ እርስዎም? ካፖርቱ ግን ምንድን ነው፣ ዛሬ እኮ ፀሐይ ነው!»

ደረጃ ላይ መርዶ አይነገርም። በቆመ ሰው፣ ያውም በሚስቅ ሰው ላይ አይነገርም። ሦስቱ ሽማግሌዎች ጫማቸውን ያያሉ።

«እስቲ… እንየው ብለን ነው፣ ልጄ» አሉ ጋሽ በየነ።

አንተም ወደ እኔ ዞረህ «ምን ቆመሻል፣ ለሽማግሌዎቹም ዳቦ ጠቅልይ እንጂ!» አልከኝ። ጠቀለልኩ። ፊቴን አላየህም፤ ጫማህን እያሰርክ ነበር።

ሜዳ ላይ የሆነውን ካንተም ከጋሽ በየነም ሰምቼዋለሁ። መጀመሪያ አራቱም ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ዙሪያቸውን የካሪቢያን ሰዎች ቆርቆሮ ይደበድባሉ፣ ፊሽካ ይነፋሉ። አንደኛው ሽማግሌ «ለመሆኑ መቼ ነው የሚያልቀው?» ቢሉህ «አምስት ቀን ይፈጃል» አልካቸው፤ ያን ጊዜ ነው ተስፋ የቆረጡት። ጨዋታው ለሻይ ሲቋረጥማ «ይኼ ግጥሚያ ነው ወይስ ማኅበር?» ብለው አሳቁህ።

ከዚያ የካሪቢያኖቹ ወርዋሪ፣ ረጅሙ ሰውዬ፣ ኳሷን ተቀበለ። መሬቱ እንደ አስፋልት ደርቆ ሌሎቹ ወርዋሪዎች ሁሉ ደክመውበታል። እሱ ግን ከሩቅ ተንደርድሮ እየመጣ በቀጥታ ወደ እንጨቶቹ ሥር ይልካት ጀመር። በኋላ ሦስት ክብሪት ዳቦ ላይ ተክለህ አስረድተኸኛል፤ መቺው ከኋላው ያሉትን ሦስት እንጨቶች ይጠብቃል፣ ኳሷ እንጨቶቹን ከጣለች ወጣ፣ ለወርዋሪው አንድ ዊኬት ተያዘለት። ወርዋሪ በአንድ ዙር አምስት ዊኬት ከወሰደ ስሙ ሲነሳ ይኖራል። እሱ ያን ቀን አምስቱንም አልፎ ሄደ። እንጨት በወደቀ ቁጥር ትዘላለህ፤ በዘለልክ ቁጥር ጋሽ በየነ አብረውህ ይነሳሉ። አንዴ ሳያውቁት ሲያጨበጭቡ ራሳቸውን ያዙና እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። በመጨረሻው ዊኬት ግን አልቻሉም፤ ቆመው አለቀሱ። አንተም ማታ ከበር ገና ሳትገባ፣ እየሳቅህ «ጋሽ በየነ በዊኬት አለቀሱ እኮ!» አልከኝ።

በማታ አይነገርም ተብሎ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተመልሰው መጡ። በሩን ከፈትክ። እነዚያኑ ካፖርቶች አየህ። አንድም ቃል ሳይናገሩ ሁሉን ነገር አወቅህ።

ከለቅሶው በኋላ ሰው ሁሉ ሽማግሌዎቹን የምትቆጣቸው መስሎት ነበር። አንተ ግን «ያ ወርዋሪ ሙሌን አንድ ቀን አቆየልኝ» አልክ። ከአውሮፕላን ያመጣሁልህን የጋዜጣ ፎቶ ቆርጠህ በፍሬም ሰቀልከው። ወርዋሪው ከፊት፣ እንጨቶቹ አየር ላይ፣ ከኋላ የተመልካቹ ብዛት። ከዚያ መሃል እጁን የዘረጋ አንድ ነጥብና ከአጠገቡ አራት ጥቁር ነጠብጣብ። «እኛ ነን፤ በሰመር ካፖርት የሚለብስ ሌላ ማን አለ?» ትል ነበር። ከዚያ ወዲህ በአውስትራሊያ ስንት ዊኬት ወሰደ፣ በሕንድ ስንት፣ ጉልበቱ አብጦ እንኳ ስንቱን ጣለ፣ ስነግርህ ኖርኩ። ከሞትክም በኋላ መቃብርህ ላይ ቆሜ አንብቤልሃለሁ፤ ሰው እንዳይሰማኝ ዝቅ አድርጌ።

እንግዲህ ስማኝ። ባለፈው ሳምንት መቀመጫ ስጠርግ ፊቱን ጋዜጣ ላይ አየሁትና እንደ ልማዴ ደስ ብሎኝ አነሳሁት። ደቡብ አፍሪካ ሄዷል። ጥቁር ልጆች በጥይት የሚረግፉበት አገር ሄዶ ለነጮቹ ሊጫወትላቸው ገንዘብ ተቀብሏል። የቆዳውን ቀለም የያዘ ሰው በማይቀመጥበት ወንበር እሱ ይቀመጥ ዘንድ፣ እስኪመለስ እንደ ነጭ ይቆጠር ተብሎለታል። እሱም እሺ ብሏል! ቢጠይቁት «እኔ ስፖርተኛ ነኝ፤ ፖለቲካ አላውቅም» አለ። ሙሌን የወሰዱትም እናታችሁን «እኛ ታዘን ነው፤ ሌላ አናውቅም» አይደል ያሏት? እዚያው አውሮፕላኑ ሽንት ቤት ገብቼ አስመለሰኝ። ይባስ ብሎ ከሥር እዚያ የወሰዳቸውን ዊኬቶች ደርድረውለታል። ያው ሩጫ ነው፣ ያው ክንድ። ዊኬቱም እንደዚያችው ቅዳሜ ዊኬት ይባላል። ከሁሉ ያንገሸገሸኝ ይኸው ነው።

ሚስ ፐርል እሷ ጋ የነበረውን የወርዋሪውን ፎቶ ቦጫጭቃ ደረጃው ላይ በትናው አገኘኋት። «ይሁዳ!» ትላለች፣ «ይሁዳስ ቢያንስ አፍሯል!» ሰቨን ሲስተርስ ገበያ ሥጋ ስገዛ ደግሞ ሻጩ፣ ያገራችን ሰው፣ ነገሩን ሰምቶ «ምን አለበት፣ እንጀራው ነው» አለኝ። ሥጋውን ትቼለት ወጣሁ። ለጋሽ በየነ ስነግራቸው መዳፋቸውን ዘርግተው አዩት። «አጨብጭቤለት ነበር እኮ» አሉ። እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ደጋግመው ጠረጉት፤ ያደፈ ያህል።

ልደብቅህ አስቤ ነበር፤ አንተ እንደወደድከው ይኑር ብዬ። ግን የሙሌን ሞት አንድ ቀን ስንደብቅህ ቀኑ ደስታ ሆነልህ። ይህ ቢደበቅ ግን እየሸተተ ይኖራል እንጂ ደስታ አይሆንም። ፎቶውን ልቅደደው ብዬ አወረድኩት። አልቻልኩም፤ ያቺ ቅዳሜ ያለችው እዚያ ብቻ ነው። ልስቀለው አልኩ፤ እሱን እያየሁ እህል መቅመስ አልቻልኩም።

እናም መቀሱን አመጣሁ። ወርዋሪውን በዙሪያው ቀስ ብዬ ቆርጬ አወጣሁት፣ ከጫማው እስከ ጣቱ። ከድንች ልጣጭ ጋር ጣልኩት። የቀረውን መልሼ ሰቀልኩት።

አንተን አልረሳም፤ ሙሌንም አልረሳም፤ በሕይወቴ እስካለሁ ያቺን ቅዳሜ ለማንም አላስነካም፣ ለእሱም ቢሆን። አሁን ፎቶው መሃል የሚሮጥ ሰው ቅርጽ ያለው ቀዳዳ አለ፤ በቀዳዳው ግድግዳው ይታያል። እንጨቶቹ እንደበረሩ ናቸው፤ ማን እንደጣላቸው አይታወቅም። አንተ እጅህን ወደ ላይ ዘርግተሃል። አራቱ ካፖርቶች አጠገብህ ቆመዋል፤ ገና አልነገሩህም።

ያንተው ባለቤት