ወደ ሲንሲናቲ የሚወስድ ባቡር የለም

ማክሰኞ ጥቅምት 4፣ ጠዋት 1፡30
የጭነት ባቡሩ አለፈ። ከአጥሩ ማዶ። ነጂው ጡሩምባውን ሁለት ጊዜ ረጅም፣ አንዴ አጭር፣ እንደገና ረጅም። ሥራውን ያውቃል። ጎረቤቶች እንቅልፍ ነሳን ብለው ጡሩምባው እንዲቀር ፊርማ እያሰባሰቡ ነው። ልጄ ዘሃራም ፈርማለች። ሰላሳ ዓመት ባቡር የነዳ አባቷ ቤቷ ተቀምጦ!

9 ሰዓት። ዳዊት ኮል አደረገ፣ ከሲንሲናቲ። የተስፋዬ ልጅ። አባቱ ሆ/ል ገብቷል፣ ጉበት። ሐኪሞቹ ተስፋ አልሰጧቸውም። ስሜን ይጠራል አሉ። አንተ ደብተር፣ ተስፋዬን አታውቀውም። ድሬዳዋ ምድር ባቡር አብረን ነበርን። እኔ ነጂ፣ እሱ የጣቢያ መብራት ጠባቂ። መሄድ አለብኝ።

ረቡዕ 5
ዘሃራን ለመንኳት። በመኪና ሁለት ሰዓት መንገድ ነው። እሁድ ኦፍ ነኝ፣ እሁድ እወስድሃለሁ አለች። ኒው አልባኒ ዌርሃውስ ነው የምትሠራው፣ ስትመለስ እግሯ አብጦ ነው። ባቡር የለም ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ሳቀች።
«አባዬ፣ እዚህ ባቡር የዕቃ ነው እንጂ የሰው አይደለም።»
ከዕቃ በታች ሆንን።

ሐሙስ 6
ቤት መቀመጥ አቃተኝ። በእግር ወደ ከተማችን፣ ወደ ድሮው የካናል ዊንቸስተር መሀል ሄድኩ። እኔ ከተማ የማነበው በሀዲዱ ነው። መጋዘኑ፣ የእህል ወፍጮው፣ ትልልቆቹ ሱቆች፣ ሁሉም ባቡሩ አጠገብ ተኮልኩለዋል። ባቡር ውሃና እህል ለመጫን በቆመበት ሁሉ ከተማ በቀለ፤ እኛም ዘንድ አዋሽና ሚኤሶ እንዲሁ። እዚህ መጀመሪያ ቦይ ነበር፣ «ካናል» የሚለው ስሙም ከዚያ ነው። ባቡር መጣና ቦዩን ገደለው። ከዚያ መኪና መጣና የሰው ባቡሩን ገደለው። ጣቢያው ቀለም ተቀብቶ ቆሟል። ተቆልፏል። ያሳደጋቸውን ባቡር ጡሩምባውን እንኳ ጠሉት።

ዓርብ 7
ከጁምዓ በኋላ ከማል፣ በየማታው ሥራ የሚገባው የዘሃራ ባል፣ ዳውንታውን አደረሰኝ። የኮሎምበስን ለገሃር አሳየኝ አልኩት። ሾርት ኖርዝ የሚሉት ሰፈር ጫፍ፣ ድልድዩ ሥር ሀዲዱ አሁንም አለ። ጣቢያው የለም። አፍርሰውት አንዲት የድንጋይ ቅስት መናፈሻ ውስጥ አቁመዋል። ሙሽሮች ፎቶ ይነሱባታል። በዚያ በር ስንት ሰው ገብቶ ይህን ከተማ ሠራ! አሁን እኔ አንድ በሽተኛ መጠየቅ አልችልም።
የአውቶቡስ ትኬት ቁረጥልኝ አልኩት ከማልን። «ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዎ ብቻዎን? ዘሃራ አትምረኝም» አለ።

ደብተር፣ ለአንተ ልንገርህ። ለማንም አልነገርኩም። አንድ ሌሊት፣ ከድሬዳዋ ወዲህ ባለች ትንሽ ጣቢያ፣ ተስፋዬ ያበራውን ቀይ መብራት ጥሼ ገባሁ። አንቀላፍቼ ነበር። የቆሙ ፉርጎዎች ገጨሁ። ሰው አልሞተም። ስመረመር አረንጓዴ ነበር አልኩ። ነጂውን አመኑ፣ ተስፋዬን አባረሩ። ዓመታት ከሰል ሸጠ። ከሁሉ የባሰው ግን በራሱ መጠራጠሩ ነው። «ሰይዶ፣ ምናልባት እኔ ተሳስቼ አረንጓዴ አብርቼ ይሆናል» ይለኝ ነበር። እኔ ዝም።

ቅዳሜ 8
የእሁዱ ቀረ። ዘሃራን ማንዴቶሪ ኦቨርታይም አስገቧት፣ የግዴታ ትርፍ ሰዓት። ጮህኩባት። አለቀሰች። «ብቀር የቅጣት ፖይንት ይሰጡኛል፣ ያባርሩኛል፣ ቤቱስ?» እውነቷን ነው። እኔም እንጀራዬን ፈርቼ ነው የዋሸሁት።
ደወልኩ። ዳዊት ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገው። ክፍሉ ሰው ሞልቷል፣ ድምፃቸው ይሰማኛል። ተስፋዬ ሲተነፍስ ሰማሁ። «ሰይዶ፣ መጣህ?» አለ። አላህ ይማርህ አልኩ። ሌላ ምንም። ርቀት ነው እንዳልል፣ ስልኩ እጄ ላይ ነበር። ፈሪ።

ሰኞ 10
ትናንት ማታ ሞተ። ዘሃራ ነገ ከሥራ ትቀራለች፣ የፈለጉትን ፖይንት ይስጡኝ ብላለች። ለሕያው ያልተገኘ መኪና ለሬሳው ተገኘ።

ማክሰኞ 11፣ ሲንሲናቲ
ከቀብሩ በፊት ዳዊትን ወደ ጎን ወስጄ ነገርኩት። ሁሉንም። ዘሃራ አጠገቤ ቆማ ሰማች። ዳዊት እጁን ከእጄ አወጣ። «እማማ እንዳትሰማ» ብሎኝ ቤተ ክርስቲያን ገባ። ስንመለስ ዘሃራ ሬዲዮውን ከፍታ ነዳች። መኪና ውስጥ ሁለት ሰዓት እንዲህ ይረዝማል?

ረቡዕ 12
ዘሃራ ሻይ አስቀምጣልኝ ወጣች። ዓይኔን አላየችም።
ዳዊት እናቱን ሊጠብቅ ነው፣ ይገባኛል። ግን እናቱ ወ/ሮ አስቴር ናት ከሰሉን አብራው የሸጠች። ባሌ ተሳስቶ ተባረረ እያለች መቀበር የለባትም። ከዳዊትም ጋር ከተጣላሁ ልጣላ። እጽፍላታለሁ፣ በስሜ፣ በፊርማዬ። አንድ ገጽ ከአንተ ገንጥዬ እወስዳለሁ፣ ይቅር በለኝ።
«ለወ/ሮ አስቴር። እኔ ሰይድ በዚያ ሌሊት ቀይ መብራት ጥሻለሁ፤ ተስፋዬ አልተሳሳተም።»